ኪስ የማይጎዱ ስፖርታዊ መኪኖችን መሪ ጨብጦ ማወዳደር፦ ዝርዝር መመሪያ

ወረቀት ላይ ሲታዩ ብዙዎቹ መንትያ ይመስላሉ። ባለ አራት ሲሊንደር ቱርቦ (አየር በግፊት የሚሞላለት) ሞተር፣ ከ200 እስከ 300 የፈረስ ጉልበት፣ አምስት መቀመጫ፣ ቀይ ስፌት። መሪያቸው ሲጨበጥ ግን ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። አንዷ ገና ከፓርኪንግ ስትወጣ ፈገግ ታሰኛለች። ሌላዋ በቁጥር ትበልጣታለች፣ ግን ደረቅ ናት። ይህ መመሪያ ያንን ልዩነት ከመግዛታችሁ በፊት እንዴት ለይታችሁ እንደምታውቁት የሚያሳይ ነው።

የዚህ ዓይነት መኪና ሐሳብ ዕድሜ ጠገብ ነው። ፎልክስዋገን እ.ኤ.አ. በ1976 ጎልፍ ጂቲአይን ለገበያ ሲያቀርብ ሞተሩ 1.6 ሊትር፣ ጉልበቱም 110 ፈረስ ብቻ ነበር። ዛሬ ይህ ቁጥር ማንንም አያስደንቅም። ያኔ ግን መኪናዋ ከ850 ኪሎ በታች ስለነበረች ትበርር ነበር። ሰኞ ወደ ሥራ፣ ቅዳሜ ወደ ጠመዝማዛ መንገድ፤ አንድ መኪና ለሁለቱም። እስከ ዛሬ ይህን ጎራ የምንለካው በዚሁ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የማታስደስት መኪና በ160 ብታስደስት ምን ይረባል? አብዛኛው የመንዳት ሕይወታችን ከ100 በታች ነው። ስለዚህ ከታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ በሕጋዊ ፍጥነት፣ በተራ መንገድ ላይ የሚሠሩ ናቸው።

1. መጀመሪያ የራሳችሁን መንገድ እወቁ

መኪና ከማየታችሁ በፊት በሳምንት ውስጥ የት የት እንደምትነዱ ጻፉ። ምን ያህሉ የከተማ መጨናነቅ ነው? ምን ያህሉ ፈጣን መንገድ? አስፋልቱ ለስላሳ ነው ወይስ የተጣጣፈ? ከኋላ የሚቀመጥ ሰው አለ?

መልሱ ከፊሉን መኪና ከወዲሁ ያስወጣላችኋል። ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ለነጂ እጅግ ደስ የምትል መኪና ናት፣ መቀመጫዋ ግን ሁለት ብቻ ነው። ቶዮታ ጂአር86 የኋላ መቀመጫ አላት ይባላል፤ ለቦርሳ ከሆነ እውነት ነው።

ማንዋል ወይስ አውቶማቲክ የሚለውንም አሁኑኑ ወስኑ። ገበያው በራሱ እየወሰነላችሁ ነው። ሆንዳ ሲቪክ ኤስአይ በማንዋል ብቻ ነው የምትመጣው። ጎልፍ ጂቲአይ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 2025 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ ገበያ እንኳ ማንዋሏን አጥታለች። ሂዩንዳይ ኤላንትራ ኤን ሁለቱንም ታቀርባለች።

2. ወረቀቱን አንብቡ፣ ግን ከክብደት ጀምሩ

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ፈረስ ነው?" ብሎ ነው። እናንተ "ስንት ኪሎ ናት?" በሉ። ከዚያ የፈረስ ጉልበቱን ለክብደቱ በቶን አካፍሉ።

ሱዙኪ ስዊፍት ስፖርት በ1.4 ሊትር ቱርቦዋ 140 ፈረስ አላት፣ ክብደቷም 975 ኪሎ ገደማ ነው። በቶን ወደ 144 ፈረስ ይደርሳታል። ሲቪክ ኤስአይ 200 ፈረስና ወደ 1,340 ኪሎ ናት፤ በቶን 149። የ60 ፈረስ ልዩነት የት ገባ? ክብደት በላው። ጂአር86 በ228 ፈረስና በ1,280 ኪሎ አካባቢ ወደ 178 ትደርሳለች። ኤላንትራ ኤን በ276 ፈረስና በ1,450 ኪሎ ገደማ 190።

ክብደት ደግሞ ለፍጥነት ብቻ አይደለም። ፍሬኑም ጎማውም በእያንዳንዱ ኩርባ የሚሸከሙት እሱን ነው። ጉልበት በኋላ መጨመር ይቻላል። ክብደት መቀነስ ግን መቀመጫ እስከ መንቀል ያደርሳል።

ከዜሮ እስከ 100 የሚለውን ቁጥር በጥርጣሬ እዩት። አንዳንድ መኪና በሁለተኛ ማርሽ 100 ይደርሳል። ሌላው 96 ላይ ሲደርስ ሦስተኛ ማስገባት አለበት፣ በዚያች ቅጽበትም ሰከንዱ ይጨምራል። ስለ ሞተሩ ብርታት የነገራችሁ ነገር የለም፤ ስለ ማርሹ ርዝመት ነው የነገራችሁ። ለዕለት ኑሮ የሚጠቅመው በአንድ ማርሽ ከ60 ወደ 100 ወይም ከ80 ወደ 120 ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ከባድ መኪና ቀድማችሁ የምታልፉት በእሱ ነው።

ከዚያ የትኛው ጎማ እንደሚገፋ እዩ። የፊት፣ የኋላ ወይስ አራቱም? በዚህ የዋጋ ክልል አብዛኞቹ በፊት ጎማ የሚጎተቱ ናቸው፤ ያ በራሱ ነውር አይደለም። ጥያቄው ልዩ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍል ክፍል) አላት ወይ የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ገዢ ይህን ዘሎ ያልፈዋል። መኪና ስትታጠፍ ክብደቷ ወደ ውጪኛው ጎማ ያጋድላል። ውስጠኛው ይቀልለዋል። ተራ ዲፈረንሻል ለሁለቱም ጎማ እኩል የመዞር ኃይል ነው የሚሰጠው። ስለዚህ የቀለለው ጎማ መንሸራተት ሲጀምር፣ ከባዱም ከዚያ በላይ ኃይል አያገኝም። ነዳጅ ስትሰጡ ውስጠኛው ጎማ ይሽከረከራል፣ መኪናዋ ግን ወደ ፊት አትሄድም። መንሸራተትን የሚገድብ ዲፈረንሻል ኃይሉን መሬት ወደያዘው ጎማ ያሸጋግራል። ሲቪክ ኤስአይ በጥርስ ብቻ የሚሠራ አላት። ኤላንትራ ኤንና የቅርቡ ጎልፍ ጂቲአይ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ። ፎርድ ፊየስታ ኤስቲ በተጨማሪ ክፍያ ይመጣላት ነበር። ሁለት ያገለገሉ ፊየስታዎች ጎን ለጎን ቆመው የአንዷ ዋጋ ከፍ ካለባችሁ መጀመሪያ ይህንን ጠይቁ።

አንዳንድ መኪኖች ዲፈረንሻል አለን ብለው ሥራውን በፍሬን ነው የሚሠሩት፤ የሚሽከረከረውን ጎማ ይይዙታል። ለአንድ ኩርባ ይሠራል። ተከታታይ ኩርባ ላይ ፍሬኑን ያግላል።

ስለ ኋላ እግር፣ ማለትም የኋላ ጎማዎቹን ከመኪናዋ ጋር ስለሚያያይዘው ክፍል፣ ግን አትኩራሩ። "ባለ አንድ ወጥ አግዳሚ ናት፣ አትረባም" የሚሉ አሉ። ፊየስታ ኤስቲ የተሠራችው በዚሁ ቀላል የኋላ እግር ነው፣ ግን ኩርባ ላይ ከእሷ በላይ ውድ የሆኑትን ታሳፍራለች።

3. ከመንዳታችሁ በፊት ጎማ ተመልከቱ

ሁለት መኪና በተለያየ ጎማ ከነዳችሁ ያወዳደራችሁት ጎማዎቹን ነው። ለዚህ ከጂአር86 የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ዝቅተኛዋ ዓይነት 17 ኢንች ቸርኬ ላይ ሚሽሊን ፕራይመሲ ጎማ አድርጋ ትወጣለች። ከፍ ያለችው 18 ኢንች ላይ ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት 4። ሞተር አንድ፣ ሻንሲ አንድ። የመጀመሪያዋ በዝግታም ቢሆን መንሸራተትና መጫወት ትወዳለች፣ ሁለተኛዋ መንገዱን ነክሳ ትይዛለች። ሲቪክ ኤስአይም ከፋብሪካ ስትወጣ መደበኛ ጎማዋ የአራቱም ወቅት ነው፤ ይበልጥ የሚይዘው የበጋ ጎማ በምርጫ ነው። በአራት ወቅት ጎማ የነዳት ሰው "መያዟ ደካማ ነው" ቢል ጥፋቱ የመኪናዋ አይደለም።

ስለዚህ በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን የሥሪት ስም ጻፉ። ጥርሱ ምን ያህል እንደቀረ እዩ። ያገለገለች ከሆነች አራቱም አንድ ዓይነት መሆናቸውን አረጋግጡ። ንፋሱንም አስለኩ። የሻጭ መኪኖች ብዙ ጊዜ ከመጠን በላይ ወይም በታች ተነፍተው ነው የሚቆሙት፣ ይህም መሪውን ፍጹም ሌላ ያስመስለዋል።

4. መቀመጫው

ተቀመጡና ጀርባችሁን አስደግፉ። ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ስትረግጡ ጉልበታችሁ ትንሽ መታጠፍ አለበት። ክንዳችሁን ስትዘረጉ አንጓችሁ የመሪው አናት ላይ ማረፍ አለበት። ይህ ካልተገኘ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። በደንብ ያልተቀመጠ ሰው ኩርባ ላይ መሪውን ለመያዣ ነው የሚጠቀምበት፣ ከመንገዱ የሚመጣውን ስሜት ሊያዳምጥ አይችልም።

ቁልፎቹንም በእጃችሁ ሞክሩ። ጎልፍ ጂቲአይ በስምንተኛው ትውልዷ መጀመሪያ ላይ የመሪዋን ቁልፎች በንክኪ ተክታ ነበር፤ ሰው አማረረ፣ በኋላም እውነተኛ ቁልፍ ተመለሰ። ዓይን ሳይነሳ የማይነካ ነገር ለነጂ አይሆንም።

5. አንድ መንገድ ምረጡ፣ ሁሉንም በእሱ ላይ ንዱ

አንዷን በአውራ ጎዳና፣ ሌላዋን በከተማ ከነዳችሁ ማወዳደር አይባልም። መንገዱን ቀድማችሁ ያዙ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። የሚከተሉት ይኑሩበት፦ የተበላሸ አስፋልት፣ አንድ አደባባይ፣ በደንብ የምታውቁት ረጅም ኩርባ፣ ወደ ፈጣን መንገድ መግቢያ፣ ጠባብ የማቆሚያ ቦታ። ሻጩ "በዚህ በኩል ዙሩ" ካለ በትሕትና እምቢ በሉ። የእሱ መንገድ ጉድጓድ የሌለበት ነው።

ከተቻለ ሬዲዮ ዝጉ። ሻጩም ዝም ቢል ጥሩ ነበር፣ ግን ያ ከአቅማችን በላይ ነው።

6. ንዱ፣ በዚህ ቅደም ተከተል

የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች እንደ አያት ንዱ። ሞተሩም ጎማውም ፍሬኑም ይሙቅ። እናንተም ተረጋጉ።

በዚህ ጊዜ ፍሪሲዮኑንና ማርሹን አድምጡ። ፍሪሲዮኑ የሚይዝበት ቦታ ግልጽ ነው? ወይስ እግር የት እንደደረሰ ሳይነግር በድንገት ይይዛል? ማርሹ ከሁለት ወደ ሦስት ሲገባ እጅን ይስባል ወይስ ትፈልጉታላችሁ? ሲቪክ ኤስአይ በዚህ ረገድ ከዋጋዋ በላይ ናት። አጭር ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ግራ አያጋባም። ፍሬኑን በፊት እግር እየያዛችሁ በተረከዝ ነዳጁን መንካት የምትወዱ ከሆነ የፔዳሎቹን ርቀት ሞክሩ። አንዳንዶቹ ዘመናዊ መኪኖች ማርሽ ስትቀንሱ የሞተሩን ዙር በራሳቸው ያስተካክላሉ። ሊጠፋ ይችል እንደሆነ ጠይቁ።

ቀጥሎ መሪ። ዛሬ ሁሉም ማለት ይቻላል በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዝ ነው፣ የድሮውን ስሜት አትጠብቁ። ሁለት ነገር ግን ፈትሹ። አንደኛ፣ መሪው ቀጥ ካለበት ትንሽ ስታዞሩት መኪናዋ ወዲያው ትሰማለች ወይስ መሐል ላይ የሞተ ቦታ አለ? ሁለተኛ፣ ኩርባው እየጠበበ ሲሄድ መሪው እየከበደ ይመጣል? የሚከብድ ከሆነ ጎማው እየሠራ መሆኑን እየነገራችሁ ነው። ሁሌም አንድ ዓይነት ክብደት ያለው መሪ ከመኪናው ጋር ያልተያያዘ ይመስላል።

የፊት ጎማ ጎታች ከሆነች በሁለተኛ ማርሽ፣ ቀጥ ባለና ባዶ መንገድ ላይ ነዳጁን በደንብ ርገጡ። መሪው ወደ ጎን ይጎትታል? ይህ የሚመጣው ጉልበቱ ሲበዛና ወደ ግራና ቀኝ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች ርዝመት ሲለያይ ነው። ጥቂት መጎተት ግድ የለም፤ አንዳንዱ ነጂ እንዲያውም ይወደዋል። መሪ የሚያስነጥቅ ከሆነ ግን ዝናብ ሲመጣ ያስመርራችኋል።

አሁን ኩርባው። በመንገዱ ሕጋዊ ፍጥነት፣ በተመሳሳይ ማርሽ፣ በሁሉም መኪኖች አንድ ዓይነት አድርጉት። ከመግባታችሁ በፊት ፍሬን ጨርሱ። መሪውን አንዴ ብቻ አዙሩና ያዙት። ጥሩ መኪና እዚያው ትረጋለች፣ ሁለተኛ ማስተካከያ አትጠይቅም። ከዚያ ኩርባው መሐል ላይ ነዳጁን ትንሽ ቀንሱ፤ በቀስታ፣ በድንገት አይደለም። አፍንጫዋ ወደ ውስጥ ትገባለች? እንደዚህ ያለች መኪና በእግርም ትመራለች ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የነበረችው ፔዦ 205 ጂቲአይ በዚህ ትታወቃለች፤ ነዳጅ በድንገት የለቀቀ ሰው ግን ኋላዋ ሲቀድመው ያይ ነበር። የዛሬዎቹ በኤሌክትሮኒክስ ስለሚጠበቁ ይታገሳሉ። ቢሆንም የመጨረሻ አቅማቸውን በሕዝብ መንገድ ላይ አትፈልጉ። ያንን የሚሹ ሰዎች የውድድር ሜዳ ይከራያሉ።

ፍሬን፦ ከኋላችሁ ማንም አለመኖሩን አይታችሁ ከ80 ገደማ አንድ ጠንካራ፣ ሌላ ለስላሳ አድርጉ። ለስላሳው ይበልጥ ይናገራል። ፔዳሉ ገና ሲነካ የሚንጥ ከሆነ ከተማ ውስጥ ያደክማል። አንድ ነገር አስታውሱ፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ የሚያጠፋው ኃይል አራት እጥፍ ነው። ከባድና ባለ ብዙ ፈረስ መኪና ላይ ትንሽ ፍሬን ካያችሁ ቁልቁለት ላይ ምን እንደሚሆን ገምቱ።

የተበላሸው አስፋልት ላይ ስትደርሱ ፍጥነት አትቀንሱ። ጠንካራ ሞላ ስፖርታዊነት ነው የሚል የቆየ እምነት አለ። አልስማማም። ጎማ አየር ላይ ከሆነ አይይዝም፣ አይታጠፍም፣ አይቆምም። ጥሩ የተሠራ ሾክ ጉድጓዱን አንዴ ይነግራችሁና ይረሳዋል። መጥፎው ሁለት ሦስት ጊዜ ይነጥራል። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ካለ እሱን ጠይቁት፤ እውነቱን እሱ ያውቃል።

በመጨረሻ ሞተሩ። በሦስተኛ ማርሽ፣ በ2,000 ዙር ላይ እየሄዳችሁ ነዳጁን ሙሉ ርገጡ። ቱርቦው እስኪነቃ ስንት ትጠብቃላችሁ? ከዚያ እስከ ላይ ሂዱ። ብዙ ትንንሽ ቱርቦዎች መሐል ላይ ይፈነዱና ላይ ላይ ይደክማሉ። ቱርቦ የሌላቸው ተቃራኒ ናቸው። የመጀመሪያዋ ቶዮታ 86፣ ባለ 2.0 ሊትሯ፣ በ4,000 ዙር አካባቢ ጉልበቷ የሚዘቀዝቅበት ቦታ ነበራት፤ ተተኪዋ ጂአር86 ሞተሩን 2.4 ሊትር አድርጋ ሞልታዋለች። ያገለገለች 86 የምታዩ ከሆነ ይህቺን ጉድጓድ ራሳችሁ ፈልጓት። አንዳንዱ ሰው ጨርሶ አያስተውላትም።

7. የሞድ ቁልፎች አያታልሏችሁ

መጀመሪያ በመደበኛው ሞድ ንዱ። ስፖርት ሞድ ብዙ ጊዜ ነዳጁን ያስፈጥነዋል፣ መሪውን ያከብደዋል፣ ድምፅ ይጨምራል። የነዳጁ መፍጠን መኪናዋን ኃይለኛ ያስመስላታል እንጂ አያደርጋትም። በኤላንትራ ኤን ላይ ሾኩን፣ መሪውንና ሞተሩን ለየብቻ መምረጥ ይቻላል፤ ሾኩን ለስላሳ፣ የቀረውን ጠንካራ አድርጉና ንዱ። ለተራ መንገድ ከሁሉም የሚሻለው ይሄ ነው። በአውቶማቲኳ ለ20 ሰከንድ ተጨማሪ ጉልበት የሚሰጥ ቁልፍም አለ። ያዝናናል፣ ግን መኪና የሚገዛበት ምክንያት አይደለም።

8. ወዲያው ጻፉ፣ የመጀመሪያዋን እንደገና ንዱ

ከመኪናዋ እንደወረዳችሁ፣ ቤት ሳትደርሱ ጻፉ። ነጥብ አትስጡ። ከአሥር ሰባት ማለት ምንም አይናገርም። "ሁለተኛ ማርሽ ይነክሳል"፣ "አደባባይ ላይ ደስ አለኝ"፣ "ጎማው ጮኸ" በሉ።

የመጀመሪያዋ መኪና ሁሌም ትጎዳለች፣ ምክንያቱም ምንም ነገር ሳታወዳድሩ ነው የነዳችኋት። ስለዚህ ሁሉንም ከጨረሳችሁ በኋላ ወደ እሷ ተመለሱ። ብዙ ሰው ሐሳቡን የሚቀይረው በዚህች ዙር ነው።

እኔ ብጠየቅ እንዲህ እላለሁ። አንድ መኪና ብቻ ላለው፣ ቤተሰብም ላለው ሰው ጎልፍ ጂቲአይ አሁንም ሚዛኗን የጠበቀች ናት። ማርሽ መቀያየር የሚወድ፣ ነዳጅም የሚቆጥር ሲቪክ ኤስአይን ይንዳት። ለገንዘቡ ብዙ ጉልበትና ብዙ መሣሪያ የሚፈልግ ኤላንትራ ኤን አለችለት፣ ከጠንካራ ሞላዋ ጋር ከተስማማ። ብቻውን የሚነዳና ኩርባ የሚወድ ሰው ጂአር86ን ሳይነዳ እንዳይፈርም። መንገዱ ጠባብ፣ ኪሱም ቀጭን ለሆነ ደግሞ ያገለገለች ስዊፍት ስፖርት አለች፤ 140 ፈረሷን ሳያዩ መንዳት ነው።

9. ከግዢው በኋላ የሚመጣውን ወጪ አስሉ

19 ኢንች ጎማ ከ17 ኢንች በጣም ይወደዳል፣ ቶሎም ይቆረጣል። ከመፈረማችሁ በፊት የአራቱን ዋጋ ጠይቁ። የፊት ፍሬን ዲስክና ሸራም እንዲሁ። ሞተሩ ከፍተኛ ኦክቴን ቤንዚን ይፈልግ እንደሆነ የነዳጅ መክደኛው ላይ ተጽፏል። ኢንሹራንሱን በሞዴል ስም አስጠይቁ፤ አንዲት ፊደል ከስሟ ኋላ መጨመሯ ክፍያውን ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ያገለገለች ከሆነች ጥንቃቄው ይጨምራል። እነዚህ መኪኖች በለጋ እጅ ያልፋሉ። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ድረሱ፤ ሻጩ አስቀድሞ ካሞቀው ለምን እንደሆነ ጠይቁ። በአራተኛ ማርሽ ዝቅ ካለ ዙር ነዳጁን ሙሉ ስትሰጡ ዙሩ ቢዘልና ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ አልቋል። የፊት ጎማዎቹ በውስጥ ጠርዛቸው ብቻ ከተበሉ የጎማ አሰላለፉ ተዛብቷል፣ ወይም አንድ ነገር ተመትቷል። የአየር ማጣሪያው፣ የጭስ ማውጫው ወይም የሞተሩ ፕሮግራም ተቀይሮ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ምንም ያልተነካካች መኪና በጥቂት ብትወደድም እሷን ውሰዱ። የዘይት ቅያሪ መዝገብ የሌላትን ባለ ቱርቦ መኪና ግን ዋጋዋ ምንም ያህል ቢረክስ እለፏት።